ድረ ገጽና የተነጣጠረ ማስታወቂያ፦ ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የገቢ ምንጭ ይሆናልን?



በቅርብ ጊዜያት በሐሙሲት፣ በወረታና በፎገራ ሜዳ ባሉ አጥቢያዎች ለሥራ በተዘዋወርንባቸው ቀናት አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ገጥሞናል። ኮሚቴዎቹ የሚሉት እንዲህ ነው፦ «ወጣቶቻችን ድረ ገጽ ከፍተን ማስታወቂያ ብናወጣበት በዶላር ይከፈለናል ይሉናል፤ ነገሩ እውነት ነውን? እውነትስ ከሆነ ለምን እንዘገያለን?» ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የገጠር አጥቢያ ገቢ ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ አሥራት፣ ስእለት፣ በንግሥ ዕለት በሙዳየ ምጽዋት የሚገባው፣ ካለም ከኪራይ ቤት ወይም ከእርሻ የሚገኘው ነው። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ባጥለቀለቁበት ዓመት የገበሬው ሩዝ ሲጎዳ የቤተ ክርስቲያኑም ገቢ አብሮ ይጎዳል። በዚህ ላይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህም «በዶላር ይከፈላል» የሚለው ቃል የአብነት ተማሪዎችን ቀለብ ወይም የጣሪያ ቆርቆሮ ለሚያስብ ኮሚቴ ጆሮ ጣፋጭ ቢሆን አያስደንቅም።

ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ ከወንጌል የተማርን ነንና እኛም ቁጭ ብለን እናስላ። መልሱን አስቀድሜ ልናገር፦ ክፍያው እውነት ነው፤ ነገር ግን የእኛን ለመሰለ አጥቢያ ገንዘቡ ጥቂት ነው፣ ዘግይቶ ይመጣል፣ በምትኩም የምንሰጠው ነገር የምእመናኑ እንጂ የኮሚቴው ንብረት አይደለም።

ማስታወቂያው እንዴት ይሸጣል?

አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከተመሠረተበት ከ1933 ዓ.ም. አንሥቶ ብናስብ፣ በጋዜጣ የሚወጣ ማስታወቂያ ለሁሉም አንባቢ አንድ ነበር። ነጋዴው የገጹን ቦታ ይገዛል፤ ጋዜጣውን ጎንደር ያነበበውም ሐረር ያነበበውም ያንኑ ያያል። የተነጣጠረ ማስታወቂያ ከዚህ ይለያል። አንድ ገጽ በአንድ ሰዓት ለሁለት ሰዎች ሲከፈት ሁለት የተለያዩ ማስታወቂያዎች ሊወጡበት ይችላሉ።

አሠራሩን ለመረዳት ገበያችንን እናስብ። ከብት ሸጦ የሚያውቅ ሁሉ የደላላን ሥራ ያውቃል። ከብቱም ገንዘቡም የደላላው አይደለም፤ እርሱ የሚኖረው ማን ምን እንደሚፈልግ፣ ማንስ ስንት እንደሚከፍል በማወቁ ነው። በድረ ገጽ ማስታወቂያ የደላላውን ቦታ የያዙት እንደ ጉግል ያሉ ኩባንያዎች ናቸው። ጉግል «አድሴንስ» የተባለውን አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የድረ ገጹ ባለቤት ከኩባንያው የሚሰጠውን አጭር ኮድ በገጹ ውስጥ ያስገባል። አንባቢ ገጹን በከፈተ ቁጥር ኮዱ ለኩባንያው ያሳውቃል፤ በዚያው ቅጽበት በአስተዋዋቂዎች መካከል ጨረታ ይካሄዳል፤ ያሸነፈው ማስታወቂያ ይወጣል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ኩባንያው ከአስተዋዋቂው የሚቀበለውን ገንዘብ ከባለ ድረ ገጹ ጋር ይካፈላል፤ ለረጅም ዓመታት ይታወቅ የነበረው ድርሻ ከ100 ዶላር 68ቱ ለባለ ድረ ገጹ የሚል ነው።

ተጫራቾቹ ስለ አንባቢው ምን ያውቃሉ? ስልኩ በግምት ከየት አካባቢ እንደተገናኘ፣ በምን ቋንቋ እንደሚሠራ፣ ሰውየው ከዚህ ቀደም ምን እንደፈለገና የትኞቹን ገጾች እንደጎበኘ የሚያመለክት መረጃ ይኖራል። ለዚህ ከሚያገለግሉት አንዱ «ኩኪ» የሚባለው፣ በአንባቢው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥ ትንሽ መለያ ነው። አንባቢው ስሙን ባይናገርም መለያው ከገጽ ወደ ገጽ ይከተለዋል።

አሁን የአጥቢያችን ድረ ገጽ ስለ ዓመታዊው ንግሥ በዓል የተጻፈ አንድ ገጽ አለው እንበል። ገጹን ወረታ ያለ ተማሪ ይከፍተዋል፤ በዋሽንግተን አቅራቢያ በሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር፣ ፎገራ የተወለደች እህትም ትከፍተዋለች። ለእርሷ የአውሮፕላን ቲኬት፣ የመድን ዋስትና ወይም የገንዘብ መላኪያ ማስታወቂያ ይወጣ ይሆናል፤ እርሷን ለማግኘት ብዙ ነጋዴዎች ስለሚሻሙ ዋጋው ከፍ ይላል። ለተማሪው የሚጫረተው ጥቂት ነው፤ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። ጽሑፉ ያው ነው፤ የተለየው የአንባቢው ኪስ ነው። ባለ ጸጋውንና ድኻውን በአንድ መቅደስ ለምታቆም ቤተ ክርስቲያን ይህ ልብ ሊባል የሚገባው አሠራር ይመስለኛል።

ስሌቱ

የሚከተሉት ቁጥሮች ለትምህርት ያህል የወሰድኋቸው ግምቶች ናቸው። ድረ ገጹ በወር 3,000 ጊዜ ይከፈታል እንበል፤ ለአንድ ገጠር አጥቢያ ይህ ጥቂት አይደለም። ማስታወቂያው 1,000 ጊዜ በታየ ቁጥር ለአጥቢያው ግማሽ ዶላር ይደርሰዋል እንበል። በወር አንድ ዶላር ከግማሽ ይሆናል፤ በዓመት 18 ዶላር። አድሴንስ ግን ሒሳቡ 100 ዶላር እስኪሞላ ድረስ ክፍያ አይልክም። 100ን ለ18 ስናካፍል የመጀመሪያው ክፍያ የሚመጣው ከአምስት ዓመት ተኩል በኋላ ነው ማለት ነው። ሥራውን የጀመረው የሰበካ ጉባኤ የአገልግሎት ዘመኑን ጨርሶ ሌላ ከተመረጠ በኋላ!

ከዚያም በፊት ሌላ ደጅ አለ። ሒሳቡ 10 ዶላር ሲደርስ ኩባንያው የአድራሻ ማረጋገጫ ቁጥር በፖስታ ይልካል፤ ቁጥሩ ካልገባ ክፍያ የለም። የራሱ የፖስታ ሣጥን ቁጥር የሌለው አጥቢያ የማንን ቁጥር እንደሚሰጥ ከወዲሁ ማሰብ ይኖርበታል። ገንዘቡ ወደ ባንክ ሲመጣ ከላዩ የሚቀነስ የባንክ አገልግሎት ክፍያ ሊኖር ይችላል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የድረ ገጹ ስምና ማስቀመጫው በየዓመቱ ይከፈልባቸዋል። ጎብኚው ዐሥር እጥፍ ቢሆን እንኳ በዓመት 180 ዶላር ነው፤ ነገር ግን በወር 30,000 ጊዜ የሚከፈት ገጽ በየዕለቱ አዲስ ነገር የሚጽፍለት ሰው ይፈልጋል። የዚያ ሰው ድካም በየትኛው መዝገብ ይገባል?

ከዚህ መንገድ የሚጠቀሙ እንዳሉ አልክድም፤ በውጭ አገር ብዙ አንባቢ ያላቸው የዜና ድረ ገጾች የዚህ ምሳሌ ናቸው። ወጣቶቻችን ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ደግሞ ዩትዩብን ነው። ዩትዩብም ከማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል 1,000 ተከታዮችና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ይጠይቃል፤ ወይም በ90 ቀን ውስጥ 10 ሚሊዮን የአጫጭር ቪዲዮ ዕይታ። ይህን ያሟላ ከረጅሙ ቪዲዮ ማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶውን ያገኛል። ማኅሌቱንና ንግሡን መቅረጽ መልካም ነው፤ 4,000 ሰዓት ግን የ240,000 ደቂቃ ዕይታ መሆኑን ልብ ይሏል።

ቋንቋ፣ መስመርና ጠቅታ

አድሴንስ የሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር አለው። አማርኛ ለብዙ ዓመታት በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ማንኛውም ኮሚቴ አንድ ብር ከማውጣቱ በፊት ዝርዝሩን አስከፍቶ ማየት አለበት። «በእንግሊዝኛ እንጽፋለን» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ድረ ገጽ ግን ለየትኛው የሐሙሲት ምእመን ነው? ገንዘብ ፍለጋ የገጹን ቋንቋ ከቀየረ አገልግሎቱ ወዴት እንደሄደ መጠየቅ ይገባል።

የመስመሩም ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ለብዙ ወራት ስልክ ይዞ ገጽ መክፈት አልተቻለም ነበር። በእንዲህ ያለ ወቅት በጎብኚ ቁጥር የሚተዳደር ገቢ ከሥሩ ይቆማል፤ የድረ ገጹ ዓመታዊ ክፍያ ግን አይቆምም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጠቅታን የሚመለከተው ነው፤ በቅንነት የሚሠራ ስሕተት ስለሆነ። አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት በጉባኤ ላይ ቆሞ «በቤተ ክርስቲያናችን ድረ ገጽ ላይ የሚወጡትን ማስታወቂያዎች ሁላችሁም በየቀኑ ጠቅ አድርጉ፤ ለሕንጻው እርዳታ ይሆናል» ቢል ሕዝቡ እንደ ምጽዋት ቆጥሮ ያደርገዋል። ይህ በኩባንያው ደንብ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ባለ ድረ ገጹ የራሱን ማስታወቂያ መጫንም፣ ሌሎች እንዲጫኑ መለመንም አይፈቀድለትም። ኩባንያው ሲደርስበት ሒሳቡን ይዘጋል፣ የተጠራቀመውንም ገንዘብ ሊይዝ ይችላል። ከደንቡም ባሻገር፣ ዕቃውን ሊገዛ ሳያስብ የሚጫን ሰው አስተዋዋቂውን በከንቱ ያስከፍለዋል። ይህን በዐውደ ምሕረት ማወጅ ለካህናት የሚመች አይደለም።

የማስታወቂያውም ዓይነት አለ። ባለ ድረ ገጹ ቁማርን፣ አልኮልን፣ የፍቅር ጓደኛ ማገናኛን፣ የሌላ ሃይማኖት ቅስቀሳንና የመሳሰሉትን መደብ በመደብ ማገድ ይችላል። ይህ መልካም ወንፊት ነው፤ ነገር ግን ወንፊቱን ዘወትር የሚይዝ ሰው ይፈልጋል። የስፖርት ውርርድ በየከተማው በተስፋፋበት በዚህ ዘመን የቅዱሱ ስም ከላይ፣ የውርርድ ማስታወቂያ ከሥር ሆኖ አንድ ጊዜ ከታየ፣ ምስሉ በየስልኩ ተዘዋውሮ የሚያደርሰውን ነቀፋ የዓመቱ 18 ዶላር አይክሰውም።

የምእመኑ ምስጢር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ድረ ገጽ ስንከፍት ምን ምን እናኖርበታለን? የበዓላት መርሐ ግብር፣ የቤተ ክርስቲያኑን ታሪክ፣ የጠበሉን ዜና፣ «ጸልዩልኝ» የሚሉ ሰዎች ስማቸውንና ችግራቸውን የሚጽፉበትን ቅጽ። አንዲት እናት ስለ ታመመ ልጇ የጠበሉን ገጽ በሌሊት ትከፍታለች። አንድ ጎልማሳ ከመጠጥ ሱስ ስለ መላቀቅ የተጻፈ ምክር ያነባል። ሌላው ስለ ንስሐ አገባብ ይፈልጋል። እነዚህ ሰዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የመጡ ያህል ነው፤ የሚያስቡትም ማንም እንደማያያቸው ነው። የማስታወቂያው ኮድ ግን ገጹ በተከፈተ ቁጥር መልእክት ይልካል፤ የትኛው ገጽ፣ በየትኛው ስልክ፣ በስንት ሰዓት እንደተከፈተ።

የንስሐ አባት የሰማውን ምስጢር እንዲጠብቅ ቤተ ክርስቲያናችን ምን ያህል አጥብቃ እንደምታዝዝ ለካህናት አልነግርም። ድረ ገጽ መናዘዣ አይደለም፤ ሆኖም ምእመኑ ወደዚያ ይዞት የሚመጣው መታመን ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነው። የነገሩ ክብደት በኩባንያዎቹም ዘንድ አልተሰወረም። ጉግል አስተዋዋቂዎች ሰዎችን በሃይማኖታቸው ለይተው እንዳያነጣጥሩ በደንቡ ከልክሏል። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታም በ2014 ዓ.ም. ከሃይማኖት ጋር የተያያዙ የማነጣጠሪያ ምርጫዎችን አንሥቷል። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው የሃይማኖት እምነትና የጤና ሁኔታ የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች መካከል ናቸው። ኩባንያዎቹ ያወጡት ክልከላ ግን አስተዋዋቂውን የሚያስር ነው። ኮዱን በቤተ ክርስቲያን ገጽ ላይ ማኖር አለማኖር የኮሚቴው ውሳኔ ነው፤ ተጠያቂነቱም እንዲሁ።

ስለዚህ አንድ አጥቢያ ይህን መንገድ ልሞክር ቢል እንኳ የጸሎት መጠየቂያ ቅጽ፣ የጠበልና የምክር ገጾች ምንም ዓይነት የማስታወቂያ ኮድ እንዳይኖርባቸው አጥብቄ አሳስባለሁ። በቀሩት ገጾችም የአንባቢውን የቀድሞ ፍለጋ የማይከተል፣ ግላዊ ያልሆነ ማስታወቂያ ብቻ እንዲወጣ መምረጥ ይቻላል። ያን ጊዜ ገቢው ከላይ ካሰላነውም ሊያንስ እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ነው።

ሒሳቡ በማን ስም ነው?

በብዙ ቦታ ሥራው የሚጀመረው በአንድ ብርቱ ወጣት ነው። የኢሜይል አድራሻው የእርሱ፣ የይለፍ ቃሉ የእርሱ፣ የባንክ ሒሳቡም የእርሱ ይሆናል። ወጣቱ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ድረ ገጹም አብሮት ይሄዳል። ታማኝነቱን መጠራጠር አያስፈልግም፤ ሰው ይታመማል፣ ስልክ ይጠፋል። በቃለ ዓዋዲው መሠረት የአጥቢያው ገንዘብና ንብረት የሚተዳደረው በሰበካ ጉባኤው ነውና የድረ ገጹ ስም፣ የይለፍ ቃሉና ማንኛውም የክፍያ ሒሳብ በቤተ ክርስቲያኑ ስም ሆኖ በቃለ ጉባኤ መመዝገብ አለበት። የይለፍ ቃሉም በታሸገ ፖስታ በገንዘብ ያዡ ካዝና ይቀመጥ። ስለ ግብሩ ደግሞ ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ወረዳው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ቀርቦ መጠየቅ ይሻላል።

ቅርብ ያለው መንገድ

በሕንጻ ምረቃ ወይም በክብረ በዓል ጊዜ አጥቢያዎቻችን መጽሔት ሲያሳትሙ የከተማው ነጋዴዎች የመልካም ምኞት መግለጫና ማስታወቂያ ያወጡበታል። ይህን ልማድ ወደ ድረ ገጽ ማሻገር ይቻላል። በወረታ የሩዝ መፈልፈያ ያለው፣ የውኃ መሳቢያ ሞተርና መለዋወጫ የሚሸጥ፣ ሆቴል የከፈተ፣ የግንባታ ዕቃ የሚያቀርብ ነጋዴ ስሙና ስልኩ በገጹ ጥግ ላይ ለዓመት እንዲቀመጥ ይዋዋላል። ማስታወቂያው ተራ ምስልና ጽሑፍ ነው፤ ኮድ የለውም፤ ማንንም አይከተልም፤ ወረታም ሲልቨር ስፕሪንግም ሆኖ የሚያነበው ሁሉ ያንኑ ያያል። ነጋዴውን ኮሚቴው ያውቀዋል፤ የሚሸጠውንም ያውቃል። በአማርኛ ለመጻፍ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።

እዚህም ለምሳሌ ያህል እናስላ። አራት ነጋዴዎች እያንዳንዳቸው በወር 500 ብር ቢከፍሉ በዓመት 24,000 ብር ይሆናል። አንዱን ዶላር በ120 ብር ብንወስደው ከአምስት ዓመት ተኩል በኋላ የሚመጣው 100 ዶላር 12,000 ብር ነው። ክፍያውን በባንክ ወይም በቴሌብር መቀበል ይቻላል፤ በማንኛውም መንገድ ቢመጣ የቤተ ክርስቲያኑ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ነጋዴው ግን የሚከፍለው ሰው ገጹን የሚያነብ ከሆነ ነው፤ በርኅራኄ የሰጠው የመጀመሪያ ዓመት ክፍያ በሁለተኛው ዓመት ላይደገም ይችላል። ውሉ አጭርና ግልጽ ይሁን፦ ማስታወቂያው የት ቦታ፣ ለስንት ጊዜ፣ በስንት ብር እንደሚወጣ፣ መስመር ቢቋረጥ ጊዜው እንደሚራዘም፣ ቤተ ክርስቲያኒቱም ለዕቃው ጥራት ዋስ እንዳልሆነች ይጻፍበት። የአልኮል መሸጫና የውርርድ ቤት እንደማይስተናገዱ ኮሚቴው አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ ቢወስን፣ በኋላ የሚያውቁትን ሰው ፊት አይቶ ከመመለስ ችግር ይድናል።

ለኮሚቴ ጥናት

በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ ጸሐፊው በጥቁር ሰሌዳ ወይም በወረቀት ላይ ሦስት ቁጥሮችን ያስፍር፦ በአጥቢያችሁ ኢንተርኔት ያለው ስልክ የሚጠቀሙት ቤተሰቦች ስንት እንደሆኑ፣ በውጭ አገርና በሌላ ከተማ የሚኖሩ የአጥቢያው ተወላጆች በግምት ስንት እንደሆኑ፣ የድረ ገጹ ዓመታዊ ወጪ ስንት ብር እንደሆነ። ከዚያም ሁለቱን ስሌቶች በራሳችሁ ቁጥር ደግማችሁ ሥሩ። ወጣቶቹም በስብሰባው ይገኙ፤ የቋንቋዎቹን ዝርዝርና የኩባንያውን ደንብ በስልካቸው ከፍተው ለአባቶች ያንብቡ። ሁለቱም ስሌቶች ወጪውን የማይሸፍኑ ከሆነ፣ ድረ ገጹን ለአገልግሎት ብቻ መክፈት ወይም ለጊዜው ማቆየት ሦስተኛ ምርጫ ሆኖ በቃለ ጉባኤው ይስፈር።